ግንኙነቱ በማን ስም ነው የቆመው?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። አሥራ ሁለት ሰው ያለበት ቡድን አስተባብራለሁ። ሥራ የምንከታተልበት አንድ ፕሮግራም አለን፤ የምንጻጻፍበት ሌላ፣ ፋይል የምናስቀምጥበት ደግሞ ሌላ። ሦስቱ የተያያዙ ናቸው። አንድ ሰው ሥራ ሲጨርስ መልእክቱ በራሱ ወደ ቻት ግሩፓችን ይመጣ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ድንገት ቆመ። ሦስት ጊዜ አቋርጬ መልሼ አገናኘሁት። አሁን በአንዱ ግሩፕ እያንዳንዱ መልእክት ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣል። የቡድን መሪዎች ዝግ ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ የለም። እኔ ራሴ ከሥራ መከታተያው ላይ የፋይል ሊንክ ስጫን ‹ፈቃድ የለዎትም› ይለኛል። የአይቲ ባለሙያችን ‹እኔ ጋ ይሠራል› ይላል። መጀመሪያ ያያያዘልን ልጅ ባለፈው ወር ሥራ ለቋል። ደውዬ ፓስወርዱን ልጠይቀው? ወይስ ፕሮግራሙን እንቀይር? መልእክት ስላልደረሰን ሁለት ሥራ አምልጦናል። ጥፋቱ የእኔ እየመሰለ ነው። ግራ የገባኝ አስተባባሪ ነኝ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። «አገናኝ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ለጊዜው አቁሚ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ፓስወርዱን ደግሞ እንዳትጠይቂው። በምንም መንገድ። ልጁ ቢሰጥሽ እንኳ አትቀበዪ። በእሱ ስም ገብተሽ የምትሠሪው ሁሉ በእሱ ስም ይመዘገባል። ነገ አንድ ፋይል ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ በኋላ ባልሠራው ሥራ። አንቺም ልታደርጊው የሚገባ ነገር አይደለም፣ እሱም ይህን ሸክም ሊሸከም አይገባውም። ደግሞም አካውንቱ ተዘግቶ ከሆነ ፓስወርዱ ምንም አይፈይድልሽም።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። «ያያያዘልን ልጅ ባለፈው ወር ሥራ ለቋል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ፣ እንደ ትንሽ ነገር ጠቅሰሽ አልፈሻታል። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እሷ ላይ ነው። የልጁ አካውንት የተዘጋው መቼ ነው? መልእክቱ የቆመውስ መቼ? ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ጻፊያቸው። ከገጠሙ የችግሩን ግማሽ አገኘሽው ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ሁለት ፕሮግራሞች ተያያዙ ሲባል በመካከላቸው ቱቦ የተዘረጋ ይመስለናል። ቱቦ ከሆነ ማን እንደዘረጋው ምን አገባን? አንዴ ከተቀበረ ተቀበረ። ነገሩ ግን ቱቦ ሳይሆን ውክልና ነው። ልጁ ያኔ «ፍቀድ» የሚለውን ሲጫን ለሥራ መከታተያው «በእኔ ስም ወደ ቻቱ ገብተህ ጻፍ» ብሎ ወከለው። ፓስወርዱን አልሰጠውም። በፓስወርዱ ፋንታ ቶክን የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ተሰጠ። አብዛኞቹ የሥራ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ይህ አሠራር ኦአውዝ 2.0 ይባላል። ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ውክልና ደግሞ ጠባዩን ታውቂዋለሽ። ሰጪው ከሌለ ይወድቃል። ወካዩ ራሱ የሌለውን ሥልጣን ለሌላ መስጠት አይችልም። በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በላይም አያሠራም፤ «አንብብ» ተብሎ የተወከለ ፕሮግራም መጻፍ አይችልም። ብዙዎቹ ውክልናዎች የማብቂያ ጊዜ አላቸው። እነዚህን አራቱን ከያዝሽ፣ የሚያጋጥሙሽን የ«አልገናኝ አለኝ» ችግሮች አብዛኞቹን ራስሽ ትፈቻቸዋለሽ።

ስለዚህ ማንኛውም ግንኙነት ሲበላሽ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ተበላሸ?» አይደለም። «በማን ስም ነው የቆመው?» ነው። በሥራ መከታተያውም በቻቱም ሴቲንግ ውስጥ የተያያዙ ፕሮግራሞች ዝርዝር አለ። ብዙ ጊዜ ከእያንዳንዱ አጠገብ ማን እንዳያያዘውና መቼ እንደሆነ ተጽፏል። እዚያ የልጁ ስም ካለ ነገሩ አለቀ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ሁሉም ውክልና በሰው ስም አይሰጥም። ለምሳሌ ስላክ በሚባለው የቡድን መጻጻፊያ ላይ በቦት (በራሱ በሚሠራ የፕሮግራም አካውንት) ስም የሚሰጥ ቶክን አለ፣ በሰው ስም የሚሰጥም አለ። የሰውየው አካውንት ሲዘጋ በእሱ ስም የተሰጠው አብሮት ይሞታል። ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ላይም እንደዚሁ በድርጅቱ ስም የሚጫን አፕ ያስገባው ሰው ቢሄድም ሥራውን ይቀጥላል። ምርጫ ስታገኚ ሁልጊዜ በቦት ወይም በድርጅት ስም የሚሰጠውን ያዢ።

ማብቂያ ጊዜ ካልሁ፣ ጥቂት ቁጥሮችን ልስጥሽ፤ ያለ ምክንያት ቆመ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው። ጉግል ላይ ፕሮግራሙ ውክልናውን የሚያድስበት ቶክን ለ6 ወር ካልተነካ ይሞታል። አፕ የሠራው ሰው ገና «በሙከራ ላይ» በሚለው ደረጃ ከተወው ደግሞ በ7 ቀን ይሞታል። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን የሚቆም ግንኙነት ካየሽ ይህን ጠርጥሪ። ማይክሮሶፍት ጋ የማደሻው ቶክን በአብዛኛው 90 ቀን ይቆያል፤ በተጠቀምሽ ቁጥር ይታደሳል። የሥራ መከታተያ ፕሮግራሞች በሚሠራው አትላሲያን ላይ ከ2024 ታኅሣሥ (በፈረንጆቹ) አጋማሽ ወዲህ የሚወጣ የኤፒአይ ቶክን (ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት) ከ1 ዓመት በላይ አይቆይም። ጂሜይልን የሚነካ ውክልና ደግሞ የጉግል ፓስወርድ ሲቀየር ይወድቃል። «ፓስወርዴን ቀየርሁ፣ ከዚያ ሁሉ ነገር ቆመ» የሚል ሰው ትክክል ነው ያለው፤ እመኚው።

አሁን ስክሪኑ ላይ ወደሚወጣው ነገር እንምጣ። «ፈቃድ የለዎትም» ይላል ብለሻል። ከአጠገቡ ቁጥር ነበረ? ሰው ቀይ ጽሑፍ ሲያይ ደንግጦ ይዘጋዋል። አትዝጊው። ቁጥሩ ብዙ ይናገራል።

401 ማለት «ማን እንደሆንሽ አላወቅሁም» ነው። ቶክኑ አልቋል፣ ተሽሯል ወይም ጭራሽ የለም። መድኃኒቱ እንደገና መግባት ወይም እንደገና ማገናኘት ነው። 403 ግን ሌላ ነው። «ማን እንደሆንሽ አውቄያለሁ፣ ግን አልተፈቀደልሽም» ማለት ነው። እዚህ ጋ መቶ ጊዜ ብታገናኚ መልሱ ያው ነው። የጎደለው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። እህቴ፣ ሦስት ጊዜ ስታገናኚ የደከምሽው ምናልባት ለ401 የሚሆነውን መድኃኒት ለ403 ስለሰጠሽ ነው።

404 ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ትርጉሙ «የለም» ነው፤ ግን አንዳንድ ፕሮግራም ነገሩ እያለም የለም ይላል። ጊትሀብ የግል ማከማቻን ፈቃድ ለሌለው ሰው ሆን ብሎ 404 ያሳያል፤ መኖሩን እንኳ እንዳያውቅ ነው። አንድ ጊዜ እኔም 404 እያየሁ ግማሽ ቀን ሙሉ ሊንክ ሳስተካክል ውያለሁ። ፊደል በፊደል አነጻጸርሁ። ሊንኩ ልክ ነበር። ያልነበረኝ ፈቃዱ ነው። ከዚያ ወዲህ 404 ሳይ መጀመሪያ «በየትኛው አካውንት ነው የገባሁት?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

429 ከሆነ ጥያቄ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ትንሽ ታግሠሽ መመለስ ነው። በ5 የሚጀምር ከሆነ፣ 500ም ይሁን 503፣ ችግሩ ወዲያኛው ወገን ነው። የፕሮግራሙን የአገልግሎት ሁኔታ ገጽ ከፍተሽ እይ። ሴቲንግ አትንኪ። ወዲያ ማዶ የተበላሸውን ወዲህ ስናስተካክል ደህና የነበረውንም እናበላሻለን።

ስለ ድርብ መልእክቱ ልንገርሽ። አንቺ «አቋርጬ» ያልሽው በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከቻቱ ስትነቅዪው በሥራ መከታተያው በኩል የተመዘገበው «ለውጥ ሲኖር እዚህ ላክ» የሚል ትእዛዝ ይቀራል። ከዚያ አዲስ ሲጨመር ሁለት ይሆናሉ። ሁለቱም ታዛዥ ናቸው፣ ሁለቱም ይልካሉ። «አገናኝ» የሚለውን አቁሚ ያልሁሽ ለዚህ ነው። በሁለቱም ወገን ዝርዝሩን አውጪና ቁጠሪ። ከአንድ በላይ ካገኘሽ የቱ እንደሚሠራ ለይተሽ ሌላውን አጥፊ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አታጥፊ።

መልእክቱ የሚደገመው ሁልጊዜ ሳይሆን አልፎ አልፎ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር። ላኪው ፕሮግራም «ደረሰኝ» የሚል መልስ በጊዜ ካላገኘ ደግሞ ይልካል። ስላክ ለምሳሌ ለተያያዘው ፕሮግራም ዜና ሲልክ መልስ የሚጠብቀው 3 ሰከንድ ብቻ ነው። ካላገኘ እስከ 3 ጊዜ ይደግማል። የአንቺ ግን በየመልእክቱ ሁለት ሁለት ስለሆነ ሁለት ግንኙነት እንዳለ ነው የምገምተው።

የመሪዎቹ ግሩፕ ውስጥ መልእክት የጠፋው በቀላል ምክንያት ይመስለኛል። ዝግ ግሩፕ ነው። ቦት ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ ዝግ ግሩፕ ውስጥ ካልተጋበዘ አይገባም። መጀመሪያ ልጁ ጋብዞት ነበር። አንቺ ነቅለሽ ስትተኪው አዲሱን የጋበዘው የለም። ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው ቦቱን በስሙ ይጋብዘው። በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ግን የስንቱን ሰው ሳምንት በልቷል!

የፋይል ሊንኩስ? ይህ ከግንኙነቱ ጋር ላይያያዝ ይችላል። ብሮውዘርሽ ላይ የግል ኢሜይልሽና የሥራ ኢሜይልሽ ሁለቱም ክፍት ናቸው? እንደዚያ ከሆነ ሊንኩ የሚከፈተው መጀመሪያ በገባሽበት አካውንት ሊሆን ይችላል። የግል አካውንትሽ ደግሞ የቢሮውን ፋይል የሚያይበት ምክንያት የለም። መሞከሪያው ቀላል ነው። ኢንኮግኒቶ የሚባለውን መስኮት ክፈቺ፣ በሥራ አካውንትሽ ብቻ ግቢ፣ ሊንኩን እዚያ ለጥፊ። ከተከፈተ ጥፋቱ የአካውንት መደባለቅ ነው። ለሥራ የተለየ የብሮውዘር ፕሮፋይል አዘጋጂና ተገላገዪ። ካልተከፈተ ግን ፋይሉ ለአንቺ አልተጋራም። ሊንኩ ሥራ መከታተያው ላይ መታየቱ ብቻውን ፈቃድ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚሰጋው። እነዚያ ፋይሎች የማን ናቸው? የልጁ ከሆኑ ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ የአይቲ ባለሙያችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «አካውንቱ ታግዷል ወይስ ተሰርዟል?» በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የታገደ አካውንት ፋይሉ አለ። የተሰረዘ ግን ቀን እየተቆጠረበት ነው። ጉግል ወርክስፔስ ላይ የተሰረዘ ተጠቃሚን መመለስ የሚቻለው በ20 ቀን ውስጥ ነው። ማይክሮሶፍት 365 ላይ 30 ቀን ነው። አንቺ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል ብለሻል። ፋይሎቹን ወደ ቡድኑ የጋራ ማስቀመጫ ማዛወር የአድሚን ሥራ ነው፤ ዛሬውኑ ይሠራ። ሌላው ሁሉ ነገ ሊደርስ ይችላል።

ስለ አይቲ ባለሙያችሁም አንድ ነገር። «እኔ ጋ ይሠራል» ሲልሽ አልዋሸም። ግን እሱ አድሚን ነው። ሁሉም በር ክፍት ነው፤ «የአስተዳዳሪ ይሁንታ ያስፈልጋል» የሚለውን ገጽ እሱ አያየውም። ጉግልም ማይክሮሶፍትም ላይ ድርጅቱ ሠራተኞች የትኞቹን የውጭ ፕሮግራሞች መፍቀድ እንደሚችሉ ሊገድብ ይችላል። ስለዚህ በአድሚን አካውንት የተደረገ ሙከራ ስለ አንቺ ምንም አይነግረንም። አትጣዪው። አጠገብሽ ተቀምጦ በአንቺ ስክሪን ላይ እንዲያየው ጠይቂው። ወይም ተራ የሙከራ አካውንት ከፍቶ ይሞክረው። ብዙ ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል።

ኔትወርክም ሊሆን ይችላል የሚል ካለ በሁለት ደቂቃ አጣሪው። ቪፒኤን ካለ አጥፊና ሞክሪ። ከዚያ የስልክሽን ዳታ ከፍተሽ ኮምፒውተርሽን በእሱ አገናኚ። በስልኩ ሠርቶ በቢሮው መስመር እምቢ ካለ ፋየርዎሉ (የቢሮው መስመር ማጣሪያ) ነው። በሁለቱም ያው ከሆነ ኔትወርኩን ተዪው። ከደብዳቤሽ እንደማየው ግን የአንቺ ችግር እዚያ አይደለም።

እንግዲህ መጠገኑ። መጀመሪያ አሁን ያለውን ሁሉ ስክሪንሹት አንሺ። የትኛው ሥራ ወደ የትኛው ግሩፕ ይላካል፣ በምን ማጣሪያ፣ በማን ስም። ልጁ ያወጣውን ሕግ ካጠፋሽው በኋላ ከጭንቅላት ማስታወስ ከባድ ነው። ከዚያ ከአድሚኑ ጋር የቡድኑ የሆነ አካውንት ይከፈት፤ የሰው ስም የሌለው፣ ለግንኙነት ብቻ የሚያገለግል። ፕሮግራሙ በድርጅት ስም የሚጫን ከሆነ ይህም አያስፈልግም። አካውንቱ የተጠቃሚ ቁጥር ላይ ሊቆጠርና ሊያስከፍል ይችላል፤ በጀት የሚይዘውን ሰው አስቀድመሽ አሳውቂ። ፈቃዱ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሁን። መልእክት ለመላክ የአድሚን ሥልጣን አያስፈልግም። ፓስወርዱን ቻት ላይ አትለጥፉት፣ የፓስወርድ ማስቀመጫ ውስጥ ይግባ። ቢያንስ ሁለት ሰው ይድረስበት።

በዚህ አካውንት አንድ ጊዜ ብቻ አገናኙ። አንድ የሙከራ ሥራ ፍጠሩና ዝጉት። መልእክቱ በሁሉም ግሩፖች አንድ አንድ ጊዜ መጣ? ያን ጊዜ የልጁን ስም የያዙትን አሮጌ ግንኙነቶች ከሁለቱም ወገን ሻሩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ አዲሱ መሥራቱ ሳይረጋገጥ አሮጌው አይነካ። የቶክኑን ማብቂያ ቀን ደግሞ የቡድኑ ካላንደር ላይ ከሁለት ሳምንት አስቀድሞ አስገቢው። በአንቺ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ አንቺ እረፍት ስትወጪ ተመልሰን እዚያው ነን።

ከዚህ በኋላም እምቢ ካለ ለፕሮግራሙ ድጋፍ ሰጪዎች ጻፊ። «አይሠራም» ብቻ አትበያቸው። ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ ነው፣ ያቆመው በስንት ሰዓት ነው (የሰዓት ቀጠናውን ጨምሪ)፣ በየትኛው አካውንት ነው፣ የስህተቱ ጽሑፍና ቁጥር ቃል በቃል ምን ይላል። የጥያቄ መለያ የሚባል ረጅም ቁጥር ከታየ እሱንም። ስክሪንሹቱ ላይ ቶክን ካለ ሸፍኚው። ሃር የሚባል የብሮውዘር መዝገብ ላኪ ካሉሽ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በውስጡ የገባሽበት ማለፊያ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የመግቢያ አገልግሎት የሚሰጠው የኦክታ ኩባንያ የድጋፍ ሥርዓት ሲሰበር ሰርጎ ገቦቹ የተጠቀሙት ደንበኞች በላኩት እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ የነበረውን ነው። ከመላክሽ በፊት አይቲው ያጽዳው፣ ከላክሽ በኋላ ከአካውንትሽ ውጪና እንደገና ግቢ።

ፕሮግራሙን እንቀይር ወይ ላልሽው፣ ለዚህ ብላችሁ አትቀይሩ። አዲሱም የሚያያዘው በውክልና ነው። አንድ ሰው በራሱ ስም ካያያዘው፣ ያ ሰው ሲሄድ ይኸው ደብዳቤ እንደገና ይጻፋል።

ለልጁ ግን ደውዪለት። ስለ ፓስወርድ ሳይሆን ስለሚያውቀው ነገር። «ምን ምን አያይዘህ ነበር? እኔ የማላውቀው ሌላ ነገር በስምህ የቆመ አለ?» በዪው። በየሳምንቱ የሚላክ ሪፖርት፣ ከቅጽ ወደ ሠንጠረዥ የሚገባ መረጃ፣ ማንም ገና ያላስተዋለው የቆመ ነገር ሊኖር ይችላል። ይህን ለመናገር ፈቃደኛ እንደሚሆን አምናለሁ። የሠራው ሥራ ነው፤ ሰው የሠራውን ቢጠይቁት ደስ ይለዋል።

ያመለጧችሁ ሁለት ሥራዎች ጉዳይም እኔንም ከንክኖኛል። ለአለቃሽ ሁለቱን ቀኖች አሳይ፦ አካውንቱ የተዘጋበትንና መልእክቱ የቆመበትን። ሰው ሲለቅ «በስሙ የቆመ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ማንም አልነበረም። ያ አንቺ ብቻሽን የምትሸከሚው አይደለም። የሥራ መልቀቂያ ቅጻችሁ ላይ ላፕቶፕና መታወቂያ መመለስ አለ አይደል? ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመርበት፤ በስሙ የተያያዙ ፕሮግራሞች ለማን ተላለፉ የሚል።

አካውንቱ ታግዷል ወይስ ተሰርዟል ለሚለው መልስ ስታገኚ ጻፊልኝ። የስህተት ቁጥሩንም አብረሽ ላኪው።